ዋሱ ማነው? ገና ላልተሠራ ጌም ገንዘብ ስለማዋጣት

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ አንድ ጌም ቤት አለ። ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ስክሪን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። የቤቱ ሕግ ቀላል ነው። የተሸነፈ ይከፍላል። መልኩ ያልታወቀ ልጅ ከሆነ ግን ቀድሞ ይከፍላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ማን ይክፈል በሚለው ላይ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ "አሸንፌያለሁ" ይላል፣ ሌላው "ሁለት ደቂቃ ነበረኝ" ይላል። ሲሰለቻቸው ወሬ ተጀመረ። እኔም በኢንተርኔት መዋጮ ስለሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ስለ ኪክስታርተር አወራኋቸው። ገና ያልተሠራ ጌም እንደሆነ፣ ሠሪዎቹ ሐሳባቸውን በቪዲዮ እንደሚያሳዩ፣ ደስ ያለው ሰው 20 ወይም 50 ዶላር እንደሚያዋጣ፣ ገንዘቡ ከሞላ ሥራው እንደሚጀመር፣ ጌሙ ሲያልቅ ላዋጣው ሰው እንደሚላክለት ነገርኳቸው።

ልጆቹ ሳቁ። የቤቱ ባለቤት ግን አልሳቁም። ጋሼ ጌም ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት ለብዙ ዓመት የሰፈሩ እቁብ ጸሐፊ ነበሩ።

"ዋሱ ማነው?" አሉኝ።

"ዋስ የለም፣ ጋሼ።"

"ገንዘቡን ቀድሞ የሚወስደው ሠሪው ነው?"

"አዎ።"

"ዋስ ሳይጠራ?"

"ሳይጠራ።"

"እንግዲህ የእናንተ ነገር" ብለው ጄኔሬተሩን ሊያስነሱ ወጡ።

የዓለም ጌመሮች ከአሥር ዓመት በላይ የተጨቃጨቁበትን ጉዳይ ጋሼ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። እስቲ ጥያቄያቸውን ይዘን እንሂድ።

በእቁብ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። ብሩን ተቀብሎ ሳምንታዊውን መክፈል ቢያቆም የሌላው ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነውና። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ግን ዋስ አይጠየቅም፤ ከፍሎ ጨርሷል። እቁብተኛው ጎረቤትህ ሊሆን ይችላል፣ ክርስትና ያነሳልህ ሰው ሊሆን ይችላል። ብትወደውም ብታምነውም ዋስ ይጠራል። ማንም በዚህ አይቀየምም። ጥርጣሬው ሥርዓት ሆኖ ስለተቀመጠ ሰውን የሚያስቀይም ነገር የለውም።

ኪክስታርተር እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከፈት ይህን ነገር ገለበጠው። (ካልገለጽኩ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በፈረንጅ ናቸው።) ሠሪው የሚፈልገውን ገንዘብና ቀነ ገደቡን ይናገራል። በቀኑ ካልሞላ ማንም አይከፍልም። ከሞላ ድርጅቱ 5 በመቶውን ያነሳና የቀረውን ለሠሪው ያስረክባል። ጌሙ ሚሊዮን ኮፒ ቢሸጥ ላዋጣው ሰው ትርፍ አይደርሰውም። ሥራው ቢከሽፍ ድርጅቱ ገንዘብ አይመልስም። ከ2014 ጀምሮ ባለው ውል መሠረት ሠሪው መጨረስ ካቃተው ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ ማስረዳት አለበት። የተረፈ ካለም መመለስ አለበት። የተረፈ ካለ! የከሰረ ሰው ኪስ ውስጥ ስንት ይተርፋል?

ታዲያ ሰው ለምን አዋጣ? በየካቲት 2012 ደብል ፋይን የተባለ የአሜሪካ ስቱዲዮ ለአንድ ጌም 400,000 ዶላር ጠየቀ። መሪው ቲም ሼፈር በዘጠናዎቹ በሠራቸው የጀብዱ ጌሞች የሚወደድ ሰው ነው። በዚያ ዓይነት ጌም ላይ ገንዘብ የሚያወጣ አሳታሚ ኩባንያ ግን ጠፍቶ ነበር። ከ87,000 በላይ ሰዎች ከ3.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። የዚያን ጊዜ ስሜት በእኛ ቋንቋ "ደላላውን ዘለልነው" ነበር። አሳታሚው ደላላ ነው፣ የሚወደውን ሠሪ የሚወደው ሕዝብ በቀጥታ ያግኘው። እኔም አምኜ ነበር። አሁንም ግማሹን አምናለሁ።

ግን ደላላ ኮሚሽን ብቻ አይበላም። የኛ ሰፈር ደላላ እንኳ ሻጩ ቤቱን ሁለቴ እንዳይሸጠው ይከታተላል። አሳታሚ ደግሞ በየወሩ "የት ደረስክ?" ይላል፣ ካልደረስክ ገንዘብ ይይዛል። ደላላው ሲዘለል ይህ ሥራ ባለቤት አጣ። ደብል ፋይን በሐምሌ 2013 ገንዘቡ እንደማይበቃ ለአዋጪዎቹ ጻፈ። ከጠየቀው ስምንት እጥፍ ተቀብሎ ማለት ነው። ጌሙ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ በጥር 2014፣ ቀሪው በሚያዝያ 2015 ወጣ። ያዳነው አንድ ነገር አለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስቱዲዮው ውስጥ ካሜራ ነበር። አዋጪዎቹ ስብሰባውንም፣ ጭቅጭቁንም፣ የገንዘብ ስሌቱንም በተከታታይ ፊልም ሲያዩ ቆዩ። የዘገየባቸው ዓይናቸው እያየ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር እንምታ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይሄ ነው። በአሜሪካ የጌም ሥራ አንድ ሠራተኛ ከነቢሮውና ከነኢንሹራንሱ በወር 10,000 ዶላር ገደማ ያስወጣል ተብሎ ይታሰባል። 10 ሰው ያለው ቡድን በወር 100,000 ዶላር ይበላል። 1 ሚሊዮን ዶላር አሥር ወር ነው። ከዚያ ላይ የኪክስታርተር 5 በመቶ፣ የክፍያ ማስተላለፊያ፣ ለአዋጪ የሚላከው ቲሸርትና ፖስተር ከነፖስታው ይቀነሳል። ቀረ ስምንት ወር። በስምንት ወር ደህና ጌም አይሠራም። ስለዚህ 300,000 ጠይቆ ትልቅ ጌም ቃል የሚገባ ሰው ወይ ሒሳብ አያውቅም፣ ወይ ቀሪውን ከሌላ ቦታ ሊያመጣ አስቧል።

ብዙዎቹ የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ብለድስቴይንድ የተባለው ጌም በ2015 የጠየቀው 500,000 ዶላር ነበር፤ ያገኘው 5.5 ሚሊዮን ነው። ሠሪዎቹ ግን ከመጀመሪያው ወጪው በአብዛኛው ከሌላ ባለሀብት እንደሚመጣ ተናግረዋል። መዋጮው "ሰው ይፈልገዋል" ብሎ ለባለሀብቱ ማሳያ ነበር። ጌሙ በ2019 ወጣ፣ ሰውም ወደደው። ተናግረው ማድረጋቸው ጥሩ ነው። ያልተናገሩም ብዙ ናቸው።

እምነት የተሰበረበትን ቦታ አንድ ብቻ ጥቀስ ብትሉኝ ማይቲ ነምበር 9 የተባለውን ጌም እጠቅሳለሁ። ሠሪው ኬይጂ ኢናፉኔ ሜጋ ማን ከተባለው ታዋቂ ጌም ጋር ስሙ የሚነሳ ጃፓናዊ ነው። በ2013 900,000 ዶላር ጠየቀ፣ ከ67,000 በላይ ሰዎች ከ3.8 ሚሊዮን በላይ አዋጡ። ገንዘቡ በጨመረ ቁጥር ቃሉም ጨመረ። ይህ ከመጣ ተጨማሪ ደረጃ፣ ያ ከመጣ ለሌላም መጫወቻ ማሽን እንሠራዋለን፣ ለሌላም፣ ለሌላም። አንዱ ጌም ለአሥር ገደማ ማሽን ሊሠራ ሆነ። ይሄ የሠርግ ድግስ ነገር ነው። ጠሪው አክባሪ ነውና ሲጨመር ሲጨመር ጋባዡ ራሱ የሚበላው ያጣል። ጌሙ ለሚያዝያ 2015 ተባለ። ወደ መስከረም ዞረ። ወደ የካቲት 2016 ዞረ። በመጨረሻ በሰኔ 2016 ወጣ። የወጣው ነገር አሳዛኝ ነበር። መጥፎ ነው ከማለት ተራ ነው ማለት ይሻላል።

ሰውን ያበገነው ግን መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። በሐምሌ 2015፣ የመጀመሪያው ጌም ገና ሳያልቅ፣ ያው ስቱዲዮ ለሌላ ጌም ሌላ መዋጮ ከፈተ። 800,000 ዶላር ጠየቀ። አልሞላም። የእቁብ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የመጀመሪያውን እቁብ ዕዳ ሳይከፍል ሁለተኛ እቁብ ሊሰበስብ የመጣን ሰው የትኛውም ሰፈር አያስገባውም። ጌመሮቹ ዋስ አልነበራቸውም፣ ኪስ ግን ነበራቸው። ዘጉት።

የኔን ልናገር። ፖሊቴክኒክ ተማሪ ሳለሁ አንድ ጌም ልቤን ወሰደው። ስሙን አልጠራም። ካርድ የለኝም። እንኳን ያኔ አሁንም በዶላር መክፈል ለኛ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ለመንኳት፣ 25 ዶላር ከፈለችልኝ። እናቴ ወደዚያ በሚሄድ ሰው ሽሮና በርበሬ ላከችላት። እኔ ዕዳዬን እንደከፈልኩ ቆጠርኩት። መጀመሪያ ሠሪዎቹ በየሳምንቱ ይጽፉ ነበር። ቀጥሎ በየወሩ። ቀጥሎ አንዱ ታመመ ተባለ። የመጨረሻው መልእክት አዲሱን ቢሯቸውን የሚያሳይ ፎቶ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚያብረቀርቅ የቡና ማሽን አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው የለም። ማሽኑን በኛ ሽሮ እንደገዙት እገምታለሁ። የአክስቴ ልጅ ዛሬም በስልክ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "ደህና ነህ?" ሳይሆን "ጌምህ ደረሰ?" ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ለሁለት ዓመት ያህል ማንኛውንም መዋጮ "ሌባ ናቸው" ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጥርጣሬ ሰነፍ ጥርጣሬ ነበር። ቁጥሩ እንደዚያ አይልም። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ኢታን ሞሊክ በ2015 ያወጣው ጥናት በኪክስታርተር ገንዘብ ካገኙት ፕሮጀክቶች ቃላቸውን ሳይፈጽሙ የቀሩት 9 በመቶ ገደማ እንደሆኑ አሳይቷል። ይህ የጌም ብቻ ሳይሆን የሁሉም ዓይነት ነው። ከዚያ በፊት ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከተመለከታቸው ፕሮጀክቶች ከ75 በመቶ በላይ በቀጠሯቸው አልደረሱም። እንግዲህ ከአሥር አንዱ ይቀራል፣ ከአራት ሦስቱ ይዘገያል። አብዛኛው ንዴት የሚመጣው ከመቅረት ሳይሆን ከመዘግየት ነው። ዝም ብሎ የሚዘገይ ሰው ደግሞ ከቀረ ሰው አይለይም። የቡና ማሽን ፎቶ ከላኩት ሰዎች ይልቅ "ገንዘቡ አለቀብን፣ ይቅርታ" ያለ ሰው ያነሰ ያናድደኛል።

ሰነፍ ጥርጣሬ የሚጎዳው ስም ያለውን አይደለም። ባለ ስሙ ሌላ በር አለው። የሚጎዳው ማንም የማያውቀው ልጅ ነው። በ2014 መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ ቲም ቼሪ የተባሉ ጥቂት ልጆች ሆሎው ናይት ለሚባል ጌም 35,000 የአውስትራሊያ ዶላር ጠየቁ። ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች 57,000 ገደማ ሰጧቸው። በዚያ ዓለም ይህ የጠላ ገንዘብ ነው። ዘግይተው በየካቲት 2017 አወጡት። ዛሬ ከዘመኑ ምርጥ ጌሞች አንዱ ነው ቢባል የሚከራከር ጥቂት ነው። ያኔ ሁሉም እንደኔ አኩርፎ ቢሆን ኖሮ ላይኖር ይችል ነበር።

የዚህ ታሪክ ጅራት ይጣፍጣል። በመዋጮው ጊዜ "ገንዘቡ ከጨመረ በሌላ ገጸ ባሕርይ መጫወት ትችላላችሁ" ብለው ነበር። ያቺ ቃል አደገች፣ ራሷን የቻለ ጌም ሆነች፣ ሲልክሶንግ ተባለች። በ2019 ተነገረች፣ ከዚያ ጸጥ። ጌመሩ ሁሉ መጠበቁን ቀልድ አደረገው። የወጣችው መስከረም 4 ቀን 2025 ነው፤ በኛ ነሐሴ 29 ቀን 2017። በ20 ዶላር። በዚያች ሰዓት ስቲምን ጨምሮ የኢንተርኔት ጌም መሸጫዎቹ ከገዢው ብዛት ተንገዳገዱ። ከአምስት ቀን በኋላ ጳጉሜን 4 የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። እኛ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ ድልድይ ላይ ቆመን የምናይ ሰዎች ነን። ለግድቡ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቦንድ የገዛ፣ ወደ 8100 መልእክት የላከ፣ ከደመወዙ የተቆረጠበት ሰው በየቤቱ አለ። አንድ ጓደኛዬ በዚያ ሳምንት "በሕይወቴ የጠበቅኳቸው ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት አለቁ፣ አሁን ምን ልጠብቅ?" አለኝ።

ቀልዱን ትተን፣ ልዩነቱ መታየት አለበት። ቦንድ ብድር ነው። ወረቀት አለው፣ ወለድ አለው፣ ባንክ አለ። ለጌም የሚዋጣው ከዚህ ሁሉ የለውም። የሚመሳሰሉት አንድ ነገር ላይ ነው። መቼ እንደሚያልቅ የተነገረው ቀን ያለፈበት ሰው፣ ሥራው መቀጠሉን በዓይኑ ሲያይ ይታገሣል።

ከዚህ የባሰም አለ። ክሮኒክልስ ኦፍ ኤሊሪያ በ2016 በኪክስታርተር ብቻ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በጌሙ ዓለም ውስጥ መሬትና ማዕረግ ይሸጥ ነበር። ንጉሥ መሆን በሺዎች ዶላር ነው። በመጋቢት 2020 ስቱዲዮው ሠራተኞቹን በተነ። ሰዎች ያልተፈጠረ አገር ላይ ደጃዝማች ሆነው ቀሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። ስታር ሲቲዝን ግን ሌላ ነው። በ2012 ተጀመረ፣ ለ2014 ተባለ፣ በ2022 ከተጫዋቾች የሰበሰበው 500 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ተጠናቆ አልወጣም። ያም ሆኖ ያለውን ገብተው የሚጫወቱት፣ የጠፈር መርከብ በመቶዎች ዶላር የሚገዙለት ሰዎች ተሸወድን አይሉም። እኔ አልከፍልበትም። ግን ማጭበርበር ነው ለማለትም አፌ አይደፍርም። ምናልባት ሰው የገዛው ጌሙን ሳይሆን መጠበቁን ይሆናል።

ባሕር ዳር ላይ ይህን ሁሉ የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሃርድ ዲስክ ይዞ ሄዶ ጌም ያስጭናል፤ እውነቱን እንነጋገር። ያልተሠራ ነገር ይቅርና ለተሠራውም አይከፍልም። ዶላሩም አይፈቅድም። በሐምሌ 2016፣ በኛ አቆጣጠር፣ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 20 ዶላር 1,150 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ2,000 ብር አለፈ። በዚያ ላይ ኪክስታርተር ከኢትዮጵያ ሆኖ መዋጮ መክፈት አይፈቅድም። ከአፍሪካ መንገድ የፈለጉ አሉ። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ በ2015 40,000 ዩሮ ጠይቆ ከዚያ በላይ አገኘ፣ ኦሪዮን የተባለውን ጌሙን በሚያዝያ 2016 አወጣ። ያወራውን አደረገ።

የማዋጣት ነገር ግን ለኛ እንግዳ አይደለም። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ስንቴ ተዋጣ? በእጁ ሊነቅል ውሃ ውስጥ የገባ ገበሬ አለ። ለማሽን መግዣ ከአገር ውስጥም ከባሕር ማዶም ገንዘብ መጥቷል። ማሽኑ ሲሠራ ያየ አለ፣ ቆሞ ያየም አለ። የሐይቁ ዳር ሰው ዛሬ መዋጮ ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት እንደሆነ አይደለም። ማሽኑ የት እንዳለ ነው። ይህ ጥያቄ ክፋት የለበትም። ስቲም ላይ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት "ዴሞው፣ መሞከሪያው የታለ?" የሚል ጌመርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለጋሼ ጥያቄ እኔ ያገኘሁት መልስም ወደዚህ ይጠጋል። በዚህ ሥራ ዋስ የሚሆነው ስም አይደለም፤ ስም ኢናፉኔም ነበረው። ዋሱ ዛሬ እጅህ ላይ ይዘህ የምትጫወተው ነገር ነው። አምስት ደቂቃም ቢሆን። ቀጥሎ ሰውየው ከዚህ በፊት የጨረሰው ነገር ነው። ትንሽ ቢሆንም፣ የጨረሰው። ቪዲዮ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ የጽሑፍ ቃል ኪዳን፣ እነዚህን ሁሉ አሁን አልቆጥራቸውም።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ሁለት የፖሊ ልጆች አንድ ነገር አሳዩኝ። በስልክ የሚሠራ ጌም ነው። ከዘጌ እንጨት ጭነህ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ትቀዝፋለህ። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ በቆየህ ቁጥር ታንኳው ይከብዳል፣ ይሰጥማል። ጉማሬም አለ። ጉማሬው ገና አራት ማዕዘን ነው፣ አልተሳለም። ገንዘብ ሊያሰባስቡ ፈልገው ምክሬን ጠየቁ። ቪዲዮ ሊሠሩ ነበር። ቪዲዮውን ተዉት፣ የደረሰውን አንድ መንገድ ብቻ ጨርሱና ሰው ይጫወተው አልኳቸው። ወደ ጌም ቤቱም ወሰድኳቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ያዙ። ሦስት ጊዜ ሰጠሙ። አራተኛው ላይ ደረሱ። "ጉማሬው ሣጥን ነው" አሉ፣ ግን ስልኩን ቶሎ አልመለሱም። ከዚያ መሳቢያውን ከፍተው 500 ብር አወጡ። ልጆቹ እጃቸውን ሲዘረጉ ብሩን መልሰው ያዝ አደረጉት።

"ዋስ?"

ልጆቹ እኔን አዩኝ። ጋሼም አዩኝ። ደብተራቸው ላይ ስሜ ሰፈረ። ቀጣዩ መንገድ ወደ ደቅ ደሴት ነው ተብሏል። ስለዚህ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹ ጋ እደውላለሁ። ባለፈው ሐሙስ ታንኳው መሀል ሐይቅ ላይ ነበር። ጉማሬው ጆሮ አብቅሏል።